ሩዶልፍ ዲዝል፤ የነዳጅን ልክ የፈለገ ሰው



ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፣ አንዳንድ ጓደኞቼ የንጉሥ ወይም የአርበኛ ታሪክ እንደምመርጥ ገምተው ነበር። እኔ የመረጥሁት ግን ስሙን በየቀኑ የምንጠራውን፣ ታሪኩን ግን ብዙዎቻችን የማናውቀውን ሰው ነው። በሮማናት አደባባይ ቆሞ የሚያልፈውን የጭነት መኪናና አውቶቡስ የሚመለከት ሰው፣ ዲዝል የሚለው ቃል የሞተር ዓይነት መሆኑን እንጂ፣ እናትና አባት የነበሩት የአንድ ሰው ስም መሆኑን አያስበውም። ይህ ሰው ግን ተወልዶ፣ ተሰድዶ፣ ተምሮ፣ ደክሞና ከብሮ፣ በመጨረሻም በባሕር ላይ የጠፋ ሰው ነው።

እኔን ወደ ታሪኩ የሳበኝ አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም ለአንድ የፈረስ ጉልበት፣ ለአንድ ሰዓት፣ ስንት ግራም ነዳጅ ይበቃል የሚለው ነው። ዲዝል ዕድሜውን የጨረሰው ይህን ቍጥር ዝቅ ለማድረግ ሲደክም ነው። ዛሬም በከተማችን ጋራዦች ባለ ተርቦ መኪና ምን ያህል ኢንጀክተር ይገባዋል ተብሎ ክርክር ሲነሣ፣ የክርክሩ መፍቻ ያው ቍጥር ነው። ስለዚህ አስቀድሜ የሰውየውን ሕይወት፣ ቀጥሎም ለእኛ የተረፈውን ትምህርት እጽፋለሁ። በታሪኩ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ልደቱና ትምህርቱ

ሩዶልፍ ዲዝል መጋቢት 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ነበር። ወላጆቹ ከጀርመን አገር፣ ከባቫርያ የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፣ አባቱ የቆዳ ዕቃ እየሠራ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ልጁም የተሠራውን ዕቃ በጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ጊዜ ባገኘ ቍጥር ግን ወደ ፓሪስ የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ቤተ መዘክር እየሄደ፣ በዚያ የቆመውን ጥንታዊ የእንፋሎት ሠረገላ ሲመለከት ይውል ነበር።

የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በ1870 በፈረንሳይና በጀርመኖች መካከል ጦርነት ተነሣ። ጀርመኖች ሁሉ ከፓሪስ እንዲወጡ ስለ ታዘዘ፣ ቤተሰቡ ሥራውንና ቤቱን ትቶ ወደ ለንደን ተሰደደ። በለንደን ችግሩ ስለ ከበደ፣ ወላጆቹ ልጃቸውን ብቻውን ወደ ጀርመን፣ አውግስቡርግ ወደምትባል ከተማ ወደ ዘመዶቹ ላኩት። የተቀበለው ሰው የሒሳብ መምህር ነበር። እንግዲህ ጦርነት ከቤቱ ያፈናቀለው ልጅ በአንድ መምህር ቤት ተጠግቶ ማደጉን ስናይ፣ መምህር ለተማሪ ምን ያህል መጠጊያ እንደሚሆን መረዳት እንችላለን። ይህን ለመረዳት እኛ የመቀሌ ልጆች የሩቅ ምሳሌ አያስፈልገንም።

ሩዶልፍ በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን መወሰኑን ለወላጆቹ ጽፎ አስታወቀ። በ1873 ትምህርቱን ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ወላጆቹ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ቢፈልጉም፣ በ1875 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ሙኒክ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ካርል ፎን ሊንደ የተባለው የማቀዝቀዣ መኪና ሊቅ ስለ ሙቀትና ስለ ኀይል ሲያስተምር ሰማ።

ከትምህርቱ ሁሉ ልቡን የነካው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ዓለምን ያሠራ የነበረው የእንፋሎት ሞተር ከሚበላው ከሰል ውስጥ ወደ ጠቃሚ ሥራ የሚለውጠው ከ100 እጅ 10 ያህሉን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ነበር። የቀረው 90 እጅ በጭስና በሙቀት መልክ ይባክናል። ተማሪው ይህን በሰማ ጊዜ የተሻለ ሞተር ስለ መሥራት በደብተሩ ዳር ማስታወሻ ያዘ። ያ ማስታወሻ ከዚያ በኋላ የሕይወቱ መሪ ሆነ።

በ1879 የመጨረሻው ፈተና በደረሰ ጊዜ በተስቦ በሽታ ታሞ ሳይፈተን ቀረ። ተስፋ ግን አልቈረጠም። የሚቀጥለውን ፈተና እስኪጠብቅ ድረስ በስዊዘርላንድ፣ ዊንተርቱር በምትባል ከተማ በሱልዘር ፋብሪካ በእጁ እየሠራ ልምድ አገኘ። በጥር 1880 ተፈትኖም እጅግ ከፍ ባለ ውጤት ተመረቀ። አንባቢ የዚችን የዊንተርቱርን ስም ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ ስለ ተርቦ ስናነሣ እንመለስባታለንና።

ሐሳቡና የአውግስቡርግ ሙከራ

ዲዝል ከተመረቀ በኋላ በፓሪስ በመምህሩ በሊንደ የበረዶ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ በዓመቱም ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በ1883 ማርታ ፍላሸ የተባለችውን ሴት አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። ቀን በቀን የሌላ ሰው መኪና እያስተዳደረ፣ በትርፍ ጊዜው ግን የራሱን ሞተር ያስብ ነበር። መጀመሪያ በአሞንያ እንፋሎት የሚሠራ ሞተር ለመሥራት ብዙ ዓመት ደከመ፤ ፍሬ አላገኘበትም። በ1890 ወደ በርሊን ተዛወረ፤ በ1892ም አዲሱን ሐሳቡን ለባለመብትነት አስመዘገበ።

ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። የብስክሌት ጎማ በመንፊያ የነፋ ልጅ ሁሉ መንፊያው እንደሚሞቅ ያውቃል። አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። ዲዝልም አየሩን ብቻ በሲሊንደር ውስጥ እጅግ አጥብቀን ብናምቀው፣ ከሙቀቱ የተነሣ በኋላ የሚረጨው ነዳጅ ያለ ካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል ብሎ አሰበ። በቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ተደባልቀው ይታመቁና በካንዴላ ብልጭታ ይነድዳሉ። ድብልቁን ከመጠን በላይ ማመቅ ግን አይቻልም፤ ከጊዜው ቀድሞ ይፈነዳልና። አየር ብቻውን ሲታመቅ ይህ ፍርሃት ስለሌለ አብዝቶ ማመቅ ይቻላል። አብዝቶ የታመቀ ደግሞ ከአንዱ ግራም ነዳጅ የበለጠ ሥራ ያወጣል።

ሐሳቡ ያማረ ቢሆንም ሥራው ከባድ ነበር። የአውግስቡርግ የመኪና ፋብሪካና የክሩፕ ድርጅት በ1893 ሊረዱት ተስማሙ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 10 ቀን መጀመሪያ የተሠራው ሞተር ተሞከረ። ነዳጁ በገባ ጊዜ በእውነት ያለ ብልጭታ ተቀጣጠለ፤ ነገር ግን የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ስብርባሪው በአካባቢው ተበተነ። በዚያ የነበሩት ሰዎች ለጥቂት ተረፉ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ፈርቶ ይተወው ነበር። ዲዝል ግን ሐሳቡ ትክክል መሆኑን ከፍንዳታው ተረዳ። የካቲት 17 ቀን 1894 ሁለተኛው ሙከራ ሲደረግ ሞተሩ በራሱ ኀይል ለአንድ ደቂቃ ያህል ሠራ። ልብ በሉ፤ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ የተገኘው ፍሬ አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ያስቸገረው አንድ ነገር፣ ነዳጁን በልክና በሰዓቱ ወደ ሲሊንደሩ ማስገባት ነበር። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ከ30 እጅ በላይ ነው። ነዳጁ ይህን ግፊት አሸንፎ መግባት፣ እንደ ጉም ደቅቆ መበተን፣ መጠኑም ከአየሩ ጋር መመጣጠን አለበት። ጥቂት ቢሆን ሞተሩ ይደክማል፤ ቢበዛ አየሩ ስለማይበቃው ሳይነድድ ቀርቶ ጥቁር ጭስ ይሆናል። ዲዝል ነዳጁን በፖምፓ ብቻ ለመርጨት ሞከረ፤ የዚያ ዘመን ብረት ሥራ ግን ይህን ያህል ረቂቅ ፖምፓ ለመሥራት አልቻለም። ስለዚህ ነዳጁን በታመቀ አየር እየነፋ የሚያስገባ ዘዴ አበጀ። ይህ ዘዴ ሞተሩን አሠራው፤ ነገር ግን አየር የሚያምቅ ሌላ ከባድ መኪና ከጎኑ እንዲቆም አስገደደው።

የካቲት 17 ቀን 1897 የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ ፈተኑ። የዓድዋ ድል ከተገኘ ገና ዓመት ሊሞላው ነበር። ሞተሩ አንድ ሲሊንደር ብቻ ነበረው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 250 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 400 ሚሊሜትር ነበር። ወደ 18 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት የበላው 238 ግራም ነዳጅ ነበር። ይህም ማለት ከነዳጁ ኀይል ከ100 እጅ 26 እጅ የሚበልጠውን ወደ ሥራ ለወጠ። ከእንፋሎት ሞተር ጋር ሲመዛዘን ከእጥፍ በላይ ነው።

ክብሩና ውድቀቱ

ከዚያ ፈተና በኋላ ዝናው በአውሮጳና በአሜሪካ ተሰማ። አዶልፈስ ቡሽ የተባለው የአሜሪካ የቢራ ፋብሪካ ባለቤት የሞተሩን የአሜሪካ መብት በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛ። በ1898 ባለ 60 የፈረስ ጉልበት ሞተር በኬምፕተን ከተማ በአንድ የክብሪት ፋብሪካ ተተከለ። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ሞተሩ ታላቁን ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ዲዝልም የየአገሩ ገበሬ ከእርሻው በሚያገኘው ዘይት ሞተር የሚያሠራበት ቀን እንደሚመጣ ተስፋ ያደርግ ነበር። በ1912 ሴላንድያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ውቅያኖስ ማቋረጥ ጀመረች።

ይሁን እንጂ ክብሩ ዕረፍት አልሰጠውም። ሞተሩ ገና ሳይበስል በየፋብሪካው ስለ ተሸጠ ብዙ ጊዜ ይበላሽ ነበር፤ ገዢዎችም ይማረሩ ነበር። ሐሳቡ የራሱ አይደለም የሚሉ ተከራካሪዎች ተነሡበት። ጤናው ታወከና ለሕክምና ወራት ተኛ። በሙኒክ ታላቅ ቤት ሠራ፤ ገንዘቡን በነዳጅ ጉድጓድና በመሬት ንግድ ላይ አዋለው፤ ብዙውም ጠፋበት። በ1908 ገደማ ለጭነት መኪና የሚሆን ትንሽ ሞተር ለመሥራት ሞከረ፤ ነገር ግን ያ አየር የሚያምቀው ተጨማሪ መኪና ክብደቱ አላስኬደውም። ዲዝል ስሙን የያዘ መኪና በመንገድ ላይ በሰፊው ሲሄድ ሳያይ ሞተ።

መስከረም 29 ቀን 1913 ማታ ድሬስደን በምትባል መርከብ ከቤልጅግ አንትወርፕ ወደ እንግሊዝ አገር ተሳፈረ። ከጓደኞቹ ጋር እራቱን በልቶ፣ ጧት እንዲቀሰቅሱት ነግሮ ወደ ክፍሉ ገባ። ሲነጋ ግን አልተገኘም፤ አልጋውም አልተተኛበትም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ የሆላንድ መርከበኞች አንድ ሬሳ በባሕር ላይ አገኙ፤ ከኪሱ ያወጡትን ዕቃ አይቶ የአባቱ መሆኑን የለየው ልጁ ኦይገን ነው። ብዙዎች ዕዳ አስጨንቆት ራሱን ወደ ባሕር ጣለ ይላሉ፤ ሌላ ምክንያት የሚሰጡም አሉ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር። በዚያው የአውሮጳ ዓመት በታኅሣሥ ወር ዐፄ ምኒልክም በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት

ዲዝል ያልፈታውን የፖምፓ ችግር የፈታው የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ1922 ሥራውን ጀምሮ በ1927 የነዳጅ መርጫ ፖምፓውን በብዛት ማምረት ቻለ። ይህ ፖምፓ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚደርሰውን ነዳጅ በጠብታ ለክቶ ይረጫል። ከዚህ በኋላ ያ ከባድ የአየር ማመቂያ ቀረና ዲዝል ወደ መኪና ገባ።

በ1931 ጣልያኖች 634 ኤን የተባለውን የፊያት የጭነት መኪና አወጡ። ኤን የሚለው ፊደል ናፍታ ማለት ነው። አዛውንቶቻችን ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ይህ መኪና በአገራችን ዳገት ሁሉ ሲያቃስት የኖረ ነው። ናፍታ የሚለው ቃልም ከጣልያኖች የቀረልን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የአየር ጉዳይ ነው። አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የዊንተርቱር መሐንዲስ፣ ዲዝል በሕይወት ሳለ በ1905፣ ከሞተር የሚወጣው ጭስ ጉልበት እንዳለው ተረድቶ፣ በዚያ ጉልበት የሚሽከረከርና አየርን እያመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ አስመዘገበ። ዛሬ ተርቦ የምንለው ይህ ነው። ቡኪም ዲዝል በወጣትነቱ በሠራበት በሱልዘር ፋብሪካ ሠርቷል። ሐሳቡ ፍሬ ያፈራው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በ1926 በሁለት የጀርመን መርከቦች ላይ የተተከሉት ሞተሮች ያለ ተርቦ 1,750 የፈረስ ጉልበት የነበራቸው ሲሆኑ፣ በተርቦ 2,500 ሰጡ። የሲሊንደሩ ስፋት አልተለወጠም፤ የተጨመረው አየር ነው፤ ለአየሩም የሚመጥን ነዳጅ ነው።

ይህ ነገር ለመቀሌ ሰው የተለየ ትርጉም አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአምስተኛው ያህል የሳሳ ነው። ከዳናክል የጨው ሜዳ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ምድር ጨው ጭኖ ወደ እኛ የሚወጣ መኪና፣ በአንድ ጉዞ ከወፍራም አየር ወደ ስስ አየር ይሸጋገራል። ለቆላው የተለካ ነዳጅ ለደጋው ይበዛል። ተርቦ የሌለው መኪና ዳገቱን ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተርቦ ይህን የአየር ጕድለት ይክሳል፤ ስለዚህም ለደጋ አገር የሚስማማ ዕቃ ነው።

ስለ ኢንጀክተር ልክ

አሁን ወደ ጋራዡ ክርክር እንምጣ። ኢንጀክተር፣ ወይም በጋራዥ አነጋገር ኖዝል፣ ነዳጁን የሚረጨው የመጨረሻው ቀዳዳ ነው። ብዙ ሰው ትልቅ ኢንጀክተር የተገጠመለት መኪና ትልቅ ጉልበት ያገኛል ብሎ ያምናል። ይህ ትክክል አይደለም። ጉልበት የሚገኘው ከነዳጁና ከአየሩ መመጣጠን ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመንደድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሳይጨመር ነዳጁን መጨመር፣ ለአንድ ድስት በሚበቃ ምድጃ ላይ እንጨት አብዝቶ ጭኖ በጭስ እንደ መታፈን ነው።

አጎቴ በቤንዚን የሚሠራ፣ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ተርቦ ያገለገለ መኪና ነበረው። ሞተሩ 150 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ኑሮው ሁሉ በዚያ መኪና ላይ ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ ከሌላ መኪና የወጣ፣ በደቂቃ 550 ሴንቲሜትር ኩብ የሚያፈስ ኢንጀክተር ቢገጠምለት ዳገት እንደሚቀልለት ተነግሮት አስገጠመ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ነዳጅ አብዝቶ ይጠጣ፣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋ፣ ካንዴላውም ቶሎ ቶሎ ይጠቁር ጀመር። ጉልበቱ ግን ከቀድሞው አነሰ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ በከተማችን አንድ ሊትር ነዳጅ ማግኘት ምን ያህል ጭንቅ እንደ ነበረ ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። ያን ላየ ሰው፣ ሳይነድድ በጭስ የሚወጣ ነዳጅ ከእጅ የተነጠቀ እንጀራ ነው።

አጎቴ ሌላ ሽማግሌ ሜካኒክ ዘንድ ወሰደኝ። እርሳቸውም ብረት ከመንካታቸው በፊት ወረቀትና እርሳስ አምጣ አሉኝ። ያሰላነው ሒሳብ ማንም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። በቤንዚን የሚሠራ ባለ ተርቦ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ፣ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ያህል ነዳጅ ይያዝለታል። ተርቦ ከሌለው 230 ያህል ይበቃል፤ ባለ ተርቦው የሚጨመርለት ሲሊንደሩን ለማቀዝቀዝ ነው። 150 የፈረስ ጉልበት በ270 ሲባዛ 40,500 ግራም በሰዓት ይሆናል። ለአራት ኢንጀክተር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 10,125 ግራም ይደርሰዋል። ኢንጀክተር ያለ ዕረፍት ክፍት ሆኖ መሥራት የለበትም፤ ከጊዜው ከ100 እጅ 80 እጁን ብቻ ቢከፈት መልካም ነው። ስለዚህ 10,125ን ለ0.80 ስናካፍል 12,656 ግራም በሰዓት፣ ይህም 211 ግራም በደቂቃ ይሆናል። የአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ቤንዚን ክብደት 0.75 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ውጤቱ 281 ሴንቲሜትር ኩብ በደቂቃ ነው።

እንግዲህ የሚገባው 280 ገደማ ሆኖ ሳለ የተገጠመለት 550 ነበር፤ እጥፍ ያህል ማለት ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ኢንጀክተሩ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚያዝዘው ለቀድሞው ቀዳዳ ተለክቶ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ በዚያው ጊዜ ውስጥ እጥፍ ነዳጅ ይፈስሳል። የተረፈውም ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ከሞተር ዘይት አጥቦ ብረትን ከብረት ያፋጫል። ቀድሞ የነበሩት ኢንጀክተሮች ታጥበውና በመስታወት መለኪያ ፍሰታቸው ተመዝኖ ሲመለሱ፣ ጭሱ ቆመ፤ ጉልበቱም ተመለሰ።

ከመጠን ያነሰ ኢንጀክተር ደግሞ ከበለጠው ይልቅ ያስፈራል። ተርቦው አየሩን አብዝቶ ሲያስገባ ነዳጁ ካነሰ፣ ሙቀቱ ከልክ አልፎ ፒስተኑን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ስለዚህ የተርቦውን ግፊት ያሳደገ ሰው ሒሳቡን በአዲሱ ጉልበት እንደ ገና መሥራት አለበት። 200 የፈረስ ጉልበት ቢያስብ፣ ያው ሒሳብ 375 ሴንቲሜትር ኩብ ይሰጠዋል፤ ኮምፒውተሩም ለአዲሱ ኢንጀክተር እንደ ገና ሊለካ ይገባል። ነዳጁን የሚገፋው የፖምፓ ግፊት እንኳ በሒሳቡ ውስጥ ይገባል፤ ግፊቱ አራት እጅ ሲሆን ፍሰቱ የሚያድገው ሁለት እጅ ብቻ ነውና። ለናፍታ ሞተር ቍጥሩ ሌላ ነው። ዲዝል በ238 ግራም የጀመረው ነገር ዛሬ በደኅና ባለ ተርቦ የጭነት መኪና ከ150 ግራም ገደማ ደርሷል። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ አስቀድሞ ጉልበቱን መወሰን፣ ከዚያ ነዳጁን ማስላት፣ ከዚያ አየሩ መብቃቱን መመርመር፣ በመጨረሻ ቀዳዳውን መምረጥ ነው።

ማጠቃለያ

ውድ ጓደኞቼ፣ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ዲዝል ብዙ ነዳጅ የሚበላ ታላቅ ሞተር ለመሥራት አልተነሣም፤ ጥቂት በልቶ ብዙ የሚሠራ ሞተር ለመሥራት ነው የተነሣው። በመለኪያ መስበርና በአንድ ደቂቃ ሥራ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ነዳጁን ከሩቅ ባሕር ማዶ በውድ ገንዘብ የምናስመጣ ሕዝብ ስለሆንን፣ ይህ ሐሳብ ከማንም ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል።

ሁለተኛው፣ የነዳጅን ልክ በግራም የለየው ሰው የራሱን ገንዘብና የራሱን ድካም ልክ ሳይለይ ቀረ። ይህን የምጽፈው ለመንቀፍ አይደለም፤ እጅግ አዝንለታለሁ። ሊቅነት ብቻውን ሰውን ከውድቀት እንደማያድን ግን ያሳየናል። ወላጆቻችን መጠኑን የሚያውቅ ልጅ ይስጠን እያሉ ሲመርቁ ምን ማለታቸው እንደሆነ በዲዝል ታሪክ ይገባኛል። በሚቀጥለው ዓመት ከእኛ መካከል አንዳንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዱም ወደ ጋራዥ ይገባል። የትም ብንገባ፣ ቁልፍ ከማንሣታችን በፊት እርሳስ እናንሣ።